ንብረት ክፍል የሚያድረው ሶል

ገዲሴ በልብስ ስፌት ፋብሪካው አሥራ ስድስት ዓመት ቁጭ ብላ ኮሌታ ሰፍታለች። ቁጭ ብላ! ግራ ተረከዟን የፈጀው ከቤቷ ከለቡ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ለቡ በእግሯ የምትኳትነው መንገድ ነው። ሐኪሙም አይቶ፣ በእግሯ ልክ ተሠርቶ ጫማ ውስጥ የሚገባ የቆዳ ሶል አዘዘላት።

ፋብሪካው የሠራተኛ ሕክምና ይከፍላል፤ ሶል ግን መድኃኒት አይደለም ተባለ። ደብዳቤው ሦስት ወር ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። በመጨረሻ አንድ ብልጥ ጸሐፊ «የሥራ መሣሪያ» ብሎ አስፈቀደላት። ምን ዋጋ አለው፣ የሥራ መሣሪያ ከግቢ አይወጣ! ከሥሩ ቁጥር ተጻፈበትና ማታ ማታ ከመቀሶቹ ጋር ንብረት ክፍል ያድር ጀመር።

«እንዴ! ቀን ቁጭ ብዬ ላድርገው፣ ማታ ስሄድ ላውልቀው?»

«እትዬ ገዲሴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ፈርሜበታለሁ» አለ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነጋ። አንጀቱን በልታዋለች፤ በመስኮቱ የዘረጋውን እጁን ግን አላጠፈም።

መላው የተገኘው በሰልፍ ቀን ነው። ሰልፍ እንደ ሥራ ይቆጠራል፤ ስለዚህ መሣሪያው ይወጣል። ሰልፉ ሲበተን ደግሞ ንብረት ክፍል ዝግ ስለሆነ ሶሉ ለቡ ያድራል። ድሮ ሰልፍ ሲባል ራሷን የሚያማት ሴትዮ መፈክር ተሸካሚ ሆነች። ችግኝ ተከላ በሉ፣ የእንግዳ አቀባበል በሉ፣ የቀራት የለም። ጎረቤቶቿ ቀጥ ብላ ስትራመድ አይተው «ካድሬ ሆነችላችሁ» እያሉ ሰላምታ አሳጠሩባት። ይሄ እንኳ ከልቧ ነው ያሳዘናት።

በዓመቱ የኮከብ ሠራተኛ ምስክር ወረቀት ተሸለመች። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አባይነህ እጇን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «በታመመ እግሯ ይህን ሁሉ የተጓዘች ጓዳችን፣ ከዛሬ ጀምሮ ከማንኛውም ሰልፍ ነጻ ናት!» አለ።

ገዲሴ ክው አለች። «ኧረ ጓድ፣ ግድ የለም፣ እሰለፋለሁ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ማታ ሶሉን አስረከበች። ነጋ ቁጥሩን አይቶ ፈረመ።

«ይሄስ?» አለች ምስክር ወረቀቷን ከፍ አድርጋ።

«እሱማ ያንቺ ነው፤ ይዘሽው ግቢ።»

ደህና ወፍራም ወረቀት ነበር። በሩን እንደወጣች ጎንበስ አለችና አራት ቦታ አጥፋ ግራ ጫማዋ ውስጥ፣ ከተረከዟ ሥር ከተተችው። ከዚያም የለቡን መንገድ ያዘች።