ሰባ ሺህ ለስንት ይካፈላል?

ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ገና አልበረደም... ቤተሰቡ ሁሉ በረንዳው ላይ ሰሌን ዘርግተን ተቀምጠናል።

ባለፈው ወር ታላቅ ወንድሜን ሰይድን ወባ ወሰደብን። እናቴ «ሰባ ሺህ ላኢላሀ ኢለላህ እንበልለት፤ ጎረቤት ሳናስቸግር እኛው እንጨርሰው» አለች። የምንቆጥረው በማሾ ነው። መቶ ጊዜ ያለ ሰው አንድ ፍሬ ወደ ጎን ያደርጋል። ስለዚህ ሰባት መቶ ፍሬ ተቆጠረ። ማካፈሉ ለእኔ ተሰጠ።

«ተማሪው፣ ማሾውን ቆርጥመህ እንዳትጨርሰው!» አለ አጎቴ ሁሴን። እህቴ ዘሃራ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ማካፈል የሰይድ ሥራ ነበር። ከደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪና ባየ ቁጥር ታርጋውን እያነበበ «ለስንት ይካፈላል?» ይለኝ ነበር። «ትልቅ ቁጥር አያስፈራህ፤ ፈረካክሰው። ውስጡ ያሉት ትንንሾች ናቸው።»

እኔም ሰባ ሺህን በልቤ ፈረካከስኩት። አራት ሁለቶች፣ አራት አምስቶችና አንድ ሰባት ሲባዙ ነው። ስምንት ደግሞ ሦስት ሁለቶች ሲባዙ ነው፤ እነሱ ውስጡ አሉ። ለእያንዳንዳችን ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ... ያለ ቀሪ! ደስ አለኝ።

ማሾውን ስምንት ቦታ ከመርኩት። ሰማንያ ሰባት ሰማንያ ሰባት ፍሬ ደረሰና አራት ተረፈ።

«እነዚህስ?» አለ አባቴ።

«ግማሽ ግማሽ እንካፈላቸዋለን አባዬ። ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ ይደርሰናል።»

አባቴ ግንባሩን ቋጠረ። «ሰባት መቶ ፍሬ ለሰባት ሰው መቶ መቶ አይደል እንዴ? ግማሹ ከየት መጣ?»

«ስምንት ነን እኮ...» አልኩና መቁጠር ጀመርኩ። አባቴ፣ እናቴ፣ አጎቴና ሚስቱ፣ ሁለቱ እህቶቼ፣ እኔ...

ጣቴ ስምንተኛው ክምር ላይ ቆመ። እዚያ ጋ የተቀመጠ ሰው የለም።

ዘሃራ በሻሿ አፏን ሸፈነች።

«ወላሂ፣ እኔም ሳህን ስደረድር እንዲሁ ነኝ ልጄ» አለች እናቴ።

አባቴ ወደ ክምሮቹ ጠቆመ። «በል... እንደገና አካፍለው።»

ክምሮቹን አፍርሼ ቀላቀልኳቸው። እንደገና አካፈልኩ። ለሰባታችን መቶ መቶ ደረሰ። አንድ ፍሬ እንኳ አልተረፈም። እናቴ የራሷን ድርሻ ወደ ቀሚሷ ሰብስባ ቀድማን ጀመረች።

ሒሳብ ተሳስቼ ያፈርኩበት ቀን ብዙ ነው፤ ልክ መጥቶልኝ ያለቀስኩት ግን ትናንት ብቻ ነው።