ምሕረት ያልጠየቁት ሽማግሌ

ያሰሩኝ ከመቀሌ ገበያ በላይ፣ ጣሊያን ናፍጣ ያስቀምጥበት በነበረ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ጣሊያን ከወጣ ብዙም አልቆየም፤ ሽታው ግን ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ከወሎ የመጣሁ አስተማሪ ነበርኩ። በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ሹም ያመፁትን ገበሬዎች “ሽፍቶች” ሲል፣ ቅሬታቸው ሳይሰማ ለምን ሽፍታ እንላቸዋለን ብዬ ጠየቅሁ። በማግሥቱ ተያዝኩ።

ክፍሉ ውስጥ ከቁሓ የመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ የአገር አስታራቂ ናቸው። አቦይ እላቸው ነበር። አማርኛ አያውቁም፤ የእኔ ትግርኛ ስብርብር ቢሆንም ያግባባን ነበር። ለሽፍታ እህል ሰጥተሃል ተብለው ነው የታሰሩት፤ ከሳሻቸው ማን እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም። ማለዳ ማለዳ ጢማቸውን በጣታቸው አበጥረው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ይቀመጣሉ። ዛሬ ይጠሩኝ ይሆናል ይላሉ።

አንድ ቀን ተጠሩ። አስተርጓሚው ታሞ ስለነበር እኔንም አብረው ወሰዱኝ። መርማሪው በሩ ላይ ጠጋ ብሎ፣ ይህ ሽማግሌ ምሕረት ከጠየቀ ሁለታችሁም ዛሬውኑ ትፈታላችሁ አለኝ።

ሽማግሌው ቆመው፣ ረጋ ብለው ተናገሩ። ሲጨርሱ መርማሪው እኔን ሳይጠብቅ ወደ ጸሐፊው ዞረ።

“ማሩኝ ብሏል፤ ጻፍ።”

“እንደሱ አላሉም ጌታዬ” አልኩ። “ከሳሼን አቁሙልኝ፣ ዳኛ ፊት አቅርቡኝ ነው ያሉት።”

“ምን ለየው? አንተስ መፈታት አትፈልግም?”

“ምሕረት ላጠፋ ሰው ነው። እርሳቸው ጥፋታቸው እንዲነገራቸው ነው የጠየቁት።”

ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ሁለታችንንም ወደ ክፍላችን መለሱን።

የተባባልነውን ነገርኳቸው። ከዚያ የተቀመጡበትን አጎዛ ሳብ አድርገው ግማሹን ለቀቁልኝ።

“ንዓ፣ ወደይ” አሉ። ና ልጄ ማለታቸው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነበር የምተኛው።

ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው ከረምን። በመጨረሻ አቦይ ዳኛ ፊት ቀረቡ፤ ከሳሽ ቢጠራ የቀረበ ሰው አልነበረም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማንንም ሳያመሰግኑ ወጡ። እኔ የተፈታሁት ከእርሳቸው ዘግይቼ ነው።

ዛሬ አርጅቻለሁ። እገሌ ምሕረት ተደረገለት ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ ጥፋቱ ምን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ነገር ፈላጊ ነው እያሉ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ፤ መልሱን እስኪነግሩኝ ከወንበሬ አልነሣም።