ሾተላይ የተባለችው አስካለ

አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለችው ክሊኒክ ነርስነት የጀመርኩ ዕለት፣ የመጀመሪያው በሽተኛ በር ላይ ቆሞ አየኝና «ወንድ የለም?» አለኝ። መርፌና ስሪንጅ እየቀቀልኩ ነበር። «መርፌ ወንድና ሴት አይለይም፤ ይግቡ» አልኩት። ድሮም አፌ አያርፍም።

ደምሴ ይባላል፤ የሐዲድ ሠራተኛ ነው። ደሙ ሲመረመር ቂጥኝ ተገኘበት። ፔኒሲሊኑን ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ሚስቱም መታከም እንዳለባት ስነግረው ግን ክፍሉ ውስጥ ይንቆራጠጥ ጀመር።

«ሲስተር፣ እርጉዝ ናት። የወባ ነው ብለሽ ውጊልኝ።»

«ስንተኛዋ ነው?»

«ሦስተኛ። ሁለቱ ሞተው ነው የተወለዱት። እናቴ ሾተላይ አለባት ትላለች፤ ሰፈሩም እንዲያው ነው የሚያውቃት።»

ደሜ ፈላ። ኋላ እንደሰማሁት፣ በዚህ ስም የተነሳ ሚስቱ አስካለ ከጠበል ጠበል ስትንከራተት ኖራለች። ጎረቤት ሲወልድ እንኳ አራስ ጥየቃ የሚጠራት አልነበረም።

«ራስዎ ይንገሯትና ይዘዋት ይምጡ። ቶሎ!» አልኩት።

አለቃዬ አቶ መኮንን፣ ቁስል አጥበው የሚያክሙት ሽማግሌ ድሬሰር፣ ይህን ሰምተው ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ የተቀጠርሽው ለመውጋት ነው። የሰው ትዳር አታፍርሺ!»

«ዋሽቼ አልወጋም» አልኳቸው። ይህን ብዬ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ፅንሱ ቀን አይጠብቅም። ደምሴ ቢቀርስ? ቤቷ ልሂድ? ባቡር በጮኸ ቁጥር ወደ በሩ ብድግ እል ነበር።

በሳምንቱ ይዟት መጣ። እፊቴ ነገራት፤ ሳያገባት በፊት ቁስል ወጥቶበት ነበር፣ ሲደርቅ የዳነ መስሎት ተወው። ሁለቱን ልጆች የገደለው ይኸው ቂጥኝ መሆኑን እኔ ጨመርኩላት።

አስካለ አላለቀሰችም። «እናትህ ሾተላይ ስትለኝ ከአንተ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«ሁለተኛው ሲሞት ጠርጥሬ ነበር።»

ወደ እኔ ዞረች። «ይሄኛው ይተርፋል?»

«ዛሬውኑ ከጀመርሽ ተስፋ አለው።»

ደሟን ወስጄ ወጋኋት። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። «በል፣ አሁን እናትህ ጋ እንሂድ። እዚያም እንዲሁ ትናገራለህ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔን ሲለኝ የኖረውን።»

አንገቱን ደፍቶ ተከተላት። ለእናቱም ተናገረ፤ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ።

ልጅቷ እያለቀሰች ተወለደች። አራስ ጥየቃ ስሄድ እነዚያ ያልጠሯት ጎረቤቶች ቤቱን ሞልተውታል። ደምሴ በር ላይ ቆሟል፤ ማንም ግባ አላለውም። አስካለም አላለችውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ባልና ሚስት አከምኩ። ቂጥኝን ፔኒሲሊን ያድነዋል። በሚስት ላይ የተለጠፈውን ስም ግን ባልየው አፉን ከፍቶ ካላነሳው የሚያነሳ መርፌ የለንም።