የእትዬ አስካለ በለስ

ባለፈው ሳምንት ቴክሳስ፣ ሪቻርድሰን ከተማ ባለው የጥብቅና ቢሯችን አንዲት ወጣት ባልደረባዬ አንድ ሽማግሌ ደንበኛችንን ለምስክርነት ስታዘጋጅ ሰማኋት። «የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ፤ ምንም አይጨምሩ» ትላቸዋለች። ሽማግሌው በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

ጥብቅና የጀመርኩ ሰሞን፣ እዚያው ቴክሳስ፣ ዩለስ ከተማ ውስጥ አውሮፕላን ከአናት በማይጠፋበት ሰፈር፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ባልቴት ደንበኛ ነበሩኝ። ሟች ባላቸው ጓሮ የተከሉት በለስ በዚያ የበጋ ቃጠሎ ፍሬው ማር ማር ይላል። በሄድኩ ቁጥር በሰሐን ሞልተው ስለሚያቀርቡልኝ፣ ለሙያዬ ልሂድ ለሆዴ እንጃ። ጎረቤታቸው ታደሰ ጋራዥ ሊሠራ መሬቱን ሲያስለካ፣ በለሱ የቆመው በእሱ መሬት ላይ ሆኖ ተገኘ። ሊቆረጥ ሆነ። እትዬ አስካለ አለቀሱ፤ እኔም ከሰስኩላቸው።

የቴክሳስ ሕግ እዚህ ላይ ጉደኛ ነው። የሰው መሬት ለብዙ ዓመት በግልጽ አጥሮ የያዘ ሊወርሰው ይችላል፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ ከሆነ ግን አይወርስም። ደፋሩ ይረታል፣ ጨዋው ይሸነፋል። «አስፈቅደው ነበር?» ስላቸው «በገዛ ጓሮዬ ማንን ላስፈቅድ!» ስላሉኝ ልቤ ሞልቶ ፍርድ ቤት ቀረብኩ።

መኪና ስለማይነዱ ያን ጠዋት ፍርድ ቤት ያመጣቸው ተከሳሹ ታደሰ ነበር። ደንግጬ ሳያቸው «ተካሰስን እንጂ ተጣላን?» አሉኝ።

የታደሰ ጠበቃ ጠየቃቸው፦ «አቶ ታደሰ ፈቅደውልዎት ነበር?»

ታደሰን አዩት። በሰው ፊት እሱን ማሳጣቱም፣ ራሳቸው መሬት ነጣቂ መባላቸውም ከበዳቸው መሰለኝ። «እንዴታ! ፈቅዶልን ነዋ! የጨዋ ልጅ አይደል?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸ ነው። ክሴ አለቀለት ስል ታደሰ ብድግ አለ።

«ኧረ እትዬ፣ በእግዜር! መቼ አስፈቀዳችሁኝ? እኔ ራሴ ቦታው የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ሰርቬየሩ መጥቶ ሲለካ ነው!»

ጠበቃው እጅጌውን ይጎትታል፣ አስተርጓሚው እኔን ያያል። ዳኛዋ ግራ ገብቷቸው እረፍት አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ታደሰ ዓይናቸውን ማየት አቃተው። «ኦኬ፣ ጋራዡን ወደዚያ ሙቭ አደርገዋለሁ። ሰው ፊት እንዲህ አመስግነውኝ ዛፉን ልቁረጥ?» እትዬ አስካለ ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደግፎ ቀና አደረጋቸው። በመጡበት መኪና አብረው ተመለሱ፤ እኔ ብቻዬን ከኋላ እየነዳሁ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ረትቻለሁ፤ የአብዛኞቹን ባለጉዳዮች መልክ ግን ረስቻለሁ። እንደ ሁለቱ ያለ ተሟጋች ይናፍቀኛል። እትዬ አስካለ አርፈዋል፣ ታደሰም ቤቱን ሸጦ ሄዷል። በዚያ ሳልፍ መኪናዬን ዳር ይዤ ከዚያ ቀን በኋላ በሁለቱ ቤቶች መካከል የታጠረውን አጥር አያለሁ፤ ቀጥ ብሎ መጥቶ በለሱ ጋ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ይዞረዋል። የአሁኖቹ ነዋሪዎች የአናጢ ስሕተት ሳይመስላቸው አይቀርም።