ጩኸት የሚያንቅ ቫልቮላ

ተከስተ የራዲዮ ሙያ የተማረው አስመራ፣ ከጣልያን እጅ ነው። «ያስተማሩኝን ለእነሱ ብቻ ላውል አልማልኩም» ይል ነበር። ይህን የሚለው ግን ቂርቆስ ባለችው ቤቱ፣ ለሚስቱ ለእጸገነት ብቻ ነው። ቀን ቀን፣ ጣልያን ለሹማምንቱ ቪላ በሚደረድርበት በካዛንቺስ፣ የጦሩ ራዲዮ ጣቢያ ውስጥ ይሠራል።

አንድ ቀን የጣቢያው አዛዥ የሆነው ጣልያናዊ ካፒቴን አዲስ ማሰራጫ እንዲሠራ አዘዘው። ባንዳ ሆነው ለጣልያን የገቡት ፊታውራሪ አርአያ ሊናገሩበት ነው። ንግግሩ በየጣልያኑ ምሽግ አጠገብ፣ ገበያ ላይ በተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ይሰማል፤ ገበያተኛው ደግሞ ጫካ ላሉት አርበኞች ያደርሰዋል። «ግቡ፣ ምሕረት ተደርጎላችኋል» ነው ቃሉ። የጣልያን ምሕረት! አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ። ባለፈው አምነው የገቡትን የጠበቃቸው ገመድ ነበር።

የእጸገነት ወንድም ታዲዎስ ጫካ ነው። ያደገው ፊታውራሪ ቤት ነው።

«እሳቸው ና ካሉት ዓይኑን ሳያሽ ይመጣል» አለች እጸገነት። «ይሰቅሉታል። በቃ፣ አትሥራው!»

«እኔ ብተወው ሌላው ይሠራዋል። እኔ ግን እንደ ልቤ አድርጌ ነው የምሠራው።»

ድምፅ ብቻውን ሩቅ አገር አይደርስም፤ የራዲዮ ሞገድ ላይ መሳፈር አለበት። የሚያሳፍረው ቫልቮላ የሚሉት የመስታወት አምፖል ነው። ቫልቮላው የገባለትን ሁሉ በእኩል መጠን አጉልቶ የሚያወጣ ከሆነ ድምፁና ሞገዱ አይዋሃዱም። የሚገባውና የሚወጣው መጠን ወረቀት ላይ ሲነደፍ መስመሩ ቀጥ ማለት የለበትም፤ መጉበጥ አለበት። ጥበቡ የቱ ጋ፣ ምን ያህል ይጉበጥ የሚለው ላይ ነው። ተከስተ ወረቀት ላይ ደጋግሞ ነደፈውና በዝግታ ለሚናገር ጥርት እንዲል፣ ለሚጮኽበት ግን ድምፁን አንቆ እንዲያንኮታኩተው አድርጎ ሠራው። ጣልያኑ ማይክሮፎን ፊት ለስለስ ብሎ ነው የሚያወራው። የእኛ መኳንንት ግን አዋጅ ሲናገሩ ጉሮሯቸውን አይቆጥቡም። ተከስተ የተማመነው በዚህ ነው።

ካፒቴኑ ራሱ በለሆሳስ ሞከረው። ሌላ ክፍል ያለው አዳማጭ ሁሉንም ቃል ሰማ። «ብራቮ!» አለ ካፒቴኑ።

የንግግሩ ቀን ፊታውራሪና ተከስተ ጆሮ ማዳመጫ አጠለቁ። ካፒቴኑ ማዳመጫ ሳያጠልቅ፣ የድምፁን ጉልበት የሚያሳየውን የመሣሪያውን መርፌ ሊያይ አጠገባቸው ቆመ። ፊታውራሪ ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ እንዳፈረ ሰው በዝግታ ጀመሩ። «የአገሬ ልጆች...» ቃሉ እንደ ውኃ ጠርቶ ወጣ። ተከስተ ክው አለ። ፈራ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ንዴቱ በለጠ።

ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፈነና «ጌታዬ፣ ይህ አዋጅ ነው ወይስ ኑዛዜ?» አላቸው በአማርኛ። «ድምፅዎ ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር ሲባል ውሸት ኖሯል?»

«ምን አልከው?» ሲል ጠየቀ ካፒቴኑ።

«ቀረብ ይበሉ አልኳቸው።»

ፊታውራሪ ደማቸው ፈላ። ቀና ብለው አንባረቁ። በማዳመጫው ውስጥ ድምፃቸው ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ ተንኮታኮተ፤ አንድም ቃል አይለይም። የመሣሪያው መርፌ ሲጨፍር ካፒቴኑ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ።

ፊታውራሪ ንግግራቸውን አቋረጡና ወደ ተከስተ ዞሩ። ሲጮኹ ድምፃቸው የሚንኮታኮተው በተከስተ ተንኮል መሆኑ ገብቷቸዋል። ለካፒቴኑ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ተከስተ በማግስቱ ይሰቀላል። እሱ ግን ዓይኑን አልሰበረም፤ ትክ ብሎ አያቸው።

ፊታውራሪ ካባቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉ። ከዚያም ንግግሩን ከመጀመሪያው ያዙና የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ድረስ እየጮኹ እስከ መጨረሻው ተናገሩት።