ሁለቱ እርሳሶች

ሲስተርን ለአሥራ አንድ ዓመት በጤና ቢሮው መኪና ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ሥራዋ የልጆችን ጣት ወግታ ጠብታ ደም መውሰድ ነው፤ ደሙ ውስጥ መርዝ ከተገኘም ቤታቸው ድረስ ሄዳ መርዙ ከየት እንደመጣ ትፈልጋለች። ልጆች «ጣት ወጊዋ» ይሏታል። ከመውጋቷ በፊትም ከወጋች በኋላም ይቅርታ ትጠይቃቸዋለች። እኔን ግን የመኪና በር ጮክ አድርጌ ስለዘጋሁ ብቻ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ትመጣብኛለች።

አንድ ቀን የአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ውጤት ከፍ ብሎ መጣ። ሲስተር ለእናትየዋ ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ልጅሽ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። በአሥር ቀን ውስጥ ቤት መጥተን እናያለን።»

መስመሩ ይቆራረጣል። ሴትዮዋ «እሺ፣ እሺ» ብላ ዘጋች።

በአሥረኛው ቀን ሄድን። ቤቱ ያረጀ ፎቅ ላይ ነው፤ ከባዱን የመርዝ መመርመሪያ መሣሪያ ተሸክሜ ደረጃውን የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ወገቤ ምስክር ነው። እናትየዋ ገና በሩን ስትከፍት፣

«ሲስተር፣ አንድም አላስቀረሁም!» አለች።

«ምኑን?»

«እርሳሱን ነዋ! ቤት ያለውን ሁሉ ጣልኩት። አስተማሪዋንም እንዳትሰጣት አስጠንቅቄያለሁ። አትንከሺ ስላት እምቢ ብላ፣ ይኸው ደሟ ውስጥ ገባ።»

ሳቄ መጣ። የሲስተርን ፊት ሳይ ግን ዋጥኩት። ዓይኗ ልጅቷ ላይ ነበር። ልጅቷ መስኮቱ ሥር ቆማለች። የመስኮቱ ደፍ ላይ የተላጠው አሮጌ ቀለም ነጭ ዱቄት ሆኖ ተኝቷል፤ እሷ በጣቷ ዱቄቱ ላይ ድመት ትስላለች። ጅራቱ አልወጣ ሲላት ጣቷን ላስ አድርጋ ቀጠለች።

ሲስተር ሮጣ እጇን ያዘቻት። መመርመሪያውን ደፉ ላይ ስታስጠጋው ቁጥሩ ወደ ላይ ተተኮሰ። መርዙ ቀለሙ ውስጥ ነበር። በስልክ የላክነው ቃል ልጅቷን ከእርሳስና ከወረቀቷ ነጥሎ ከድጡ ወደ ማጡ ሰደዳት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሲስተር። «እርሳስ ያልኩሽ ብረቱን ነው፣ አሮጌ ቀለም ውስጥ የሚገኘውን። መጻፊያው ስሙን ነው እንጂ መርዙን አልያዘም።»

እናትየዋ ቁጭ አለች። «ገርፌያታለሁ'ኮ» ብላ አለቀሰች።

«እኔ አይደለሁማ ያጠፋሁት?» አለች ልጅቷ።

ሲስተር ተንበረከከች። «አይደለሽም የኔ እናት። ይቅር በይኝ።» ቅጽ የምትሞላበትን እርሳስ ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ሰጠቻት። ልጅቷ እናቷ «ውሰጂ» እስክትላት አልነካችውም። አንጀቴን በላችው።

ያን ሳምንት ሲስተር ቢሮውን ቁም ስቅሉን አሳየችው። የቢሮው የቤተሰብ ድጋፍ ክፍል ቀለሙ ተፍቆ እስኪያልቅ እናትና ልጅን ሌላ ቤት አስገባቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ልጅቷ እንደገና ተመረመረች። ሲስተር ውጤቱን በስልክ መናገር እርም ብላለች፤ ራሷ ሄደች።

«ደምሽ ውስጥ ያለው እርሳስ በግማሽ ቀንሷል» አለቻት።

ልጅቷ ኪሷን ፈትሻ ያንን መጻፊያ አወጣች። ተቀርጾ ተቀርጾ የጣት ጫፍ አክሏል።

«የኔም እያለቀ ነው» አለች። «ሌላ አለሽ?»

ሲስተር እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች።