ለአይጥ የተያዘ ሣር

በጠዋት አጥሬን የሚያንኳኳ ልጅ ደስ አይለኝም። የሚያንኳኳ አዋቂም ደስ አይለኝም። እነዚህ ግን እኔ ሳልነሳ ባለቤቴ «ግቡ» ብላቸው፣ ከሙዙ ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ በቆርቆሮ ሳጥን ሞልተውት ጠበቁኝ። ቤታችን ከላይኛው ከተማ፣ ከሴቻ፣ ቁልቁል ሲወርዱ ጫካው ዳር ነው። ለእኔ ጣጣ የሆነው ቦታ ለእነሱ ሲሳይ ሆነ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ በፈቃደኝነት እንጂ ማንም አይከፍላቸውም። አለቃቸው ከገረሴ የመጣች አፈ ጮሌ ልጅ ናት።

«ምን ልታደርጉ ነው?» አልኳት።

«ከተማው ውስጥና ዳር ዳሩን ያሉ ትንንሽ ጡት አጥቢ እንስሳትን እናጠናለን፣ ጋሼ።»

«አይጥ በይኛ!»

«አይጥም አለበት።»

«ጡት ስላጠባች ማዕረግ ተሰጣት?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የለውዝ ቅቤ በአጃ ለውሰው ያስቀምጣሉ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያልቀመስኩትን። ማታ አይጥ ስትገባ በሩ ይዘጋል። ጠዋት በጓንት ይዘው በከረጢት ይመዝኗታል፤ ጭኗ ላይ ፀጉሯን በመቀስ ቆረጥ አድርገው ምልክት ያደርጉባታል። ከዚያ በተያዘችበት ቦታ መልሰው ይለቋታል። «ሕጉ ነው» ይላሉ። አይጥ ይዞ መልቀቅ! ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ የጫካው አይጥ ሰው ቤት ይገባል ወይስ እዚያው ጫካው ውስጥ ይቀራል? ምልክት ያለበት አንድ አይጥ ቤት ውስጥ ቢያገኙ መልሱ ተገኘ ማለት ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው፤ በጎልማሶች ትምህርት፣ አንድ ጎረምሳ «ሀ በሉ» እያለን። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ያነበበልኝን አምኜ መኖሬን ሳስበው እስካሁን ይመረኛል። ማንበብ እንደቻልኩ መጀመሪያ የገዛሁት መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ቸርች ውስጥ ሌላው ሲያነብ አፌን ብቻ ማንቀሳቀስ ሰልችቶኝ ነበር። በጣቴ እየተከተልኩ ዘፍጥረትን ለመጨረስ ክረምትም በጋም አለፈብኝ።

አንድ ጠዋት መጽሐፌን ባነሳው ዘፍጥረት የለም። አልጋው ሥር ብጥስጣሽ ብቻ። እኔ ዓመት የፈጀሁበትን አይጡ በአንድ አዳር ጨርሶ ዘጸአት ላይ ደርሷል።

ባለቤቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ደግነቱ ከመጀመሪያው ነው የጀመረው» አለች።

በቀጥታ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ፣ ወርጄ የአይጥ መርዝ ገዛሁ። ስመለስ ልጆቹ ሳጥናቸውን እያዩ ነበር። የያዝኩትን ሲያዩ የልጅቷ ፊት ተለወጠ።

«ጋሼ፣ እሱን ከበተኑት ምልክት ያደረግንባቸው ሁሉ ይሞታሉ። የለፋንበት ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ይግባ! መጽሐፌስ የት ገባ?»

ቤት ገብቼ መርዙን ከበቆሎ ዱቄት ጋር ለወስኩና በሰባራ ሳህን ይዤ ወጣሁ። ልጆቹ ደጃፉ ላይ ተንበርክከዋል። ሁሉም እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር አለ።

ጋሞ ውስጥ ያደገ ይህን ያውቃል። ሽማግሌዎቻችን ደም የሚፈላለጉ ሰዎችን የሚያስቆሙት በዚህ ነው። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው ረግጦ የሚያልፍ የለም፤ ዱላ ያነሳም ዱላውን ይጥላል።

«ለአይጥ?» ብዬ ጮህኩ። «ለአይጥ ሣር ይያዛል? ሣር የሽማግሌ ነው እንጂ የእናንተ ነው? ማን አስተማራችሁ?»

የአንዱ ልጅ ዓይን ወደ ማድቤቱ ሸርተት አለ። ባለቤቴ ማጭድ ይዛ ቆማለች። ሣሩም ለላሜ ያስቀመጥኩት ሣር ነው።

«እለፋቸዋ፣ ወንድ ከሆንክ!» አለችኝ።

አላለፍኩም። ሳህኑን ከነመርዙ ሽንት ቤት ጨመርኩት። «ሥራችሁን እስክትጨርሱ አልገድልም» አልኩ። «ግን አንድ ሳጥን እኔ ቤት ይግባ። የሌባውን ዓይን ማየት እፈልጋለሁ።»

በማግስቱ አልጋዬ ሥር ያለው ሳጥን ተዘግቶ አደረ። ልጅቷ አይጡን ከረጢት ውስጥ ገልብጣ ጭኑን አየችና ቤቱን በጩኸት ሞላችው። «ምልክት አለው! የእኛ ነው! ከሙዙ ጀርባ የያዝነው ነው!» ዘለሉ፣ ተቃቀፉ። አንዱ ተሳስቶ እኔንም አቀፈኝ።

ጫጫታው በረድ ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሕጉ ትዝ አለኝ። በተያዘበት ይለቀቃል።

«ጋሼ፣ ከፈለጉ እኛ...»

«ዝም በይ። ሣር ተቀብያለሁ።»

ከረጢቱን ከእጇ ወስጄ፣ እኔም በተራዬ ተንበርክኬ፣ አልጋው ሥር ከፈትኩለት። ወጣ። አፍንጫውን ነቅነቅ አደረገና፣ ምስጋና የለ ምን የለ፣ ወደ ግድግዳው ስንጥቅ።

«እንግዳህን ቁርስ አትጋብዘውም?» አለች ባለቤቴ። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ልጆቹ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ አመጡልኝ፤ መጽሐፌ አሁን የሚያድረው እዚያ ነው። የጎደለውን ልጅቷ ከራሷ መጽሐፍ ልታነብልኝ ፈልጋ ነበር። «አምጪው፣ ራሴ አነበዋለሁ» አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ከሙዙ ሥር ቁጭ ብዬ ዘፍጥረትን አነባለሁ፤ እሷ አጠገቤ አይጥ ትመዝናለች።